የድረ ገጽ ዕውቀት የማን ሀብት ነው?

ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ስጦታ ሳይሆን የሰው ልጅ በረጅሙ የሥራ ታሪኩ ያፈራው የጋራ ሀብት ነው ሲባል፣ አባባሉ ለጥናት ክበብ ብቻ የተመደበ ንድፈ ሐሳብ የሚመስላቸው አይጠፉም። ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው የኢንተርኔትና የድረ ገጽ ፕሮግራም አጻጻፍ በሚያጠኑ ወጣቶች ዘንድ ይኸው ጥያቄ በተግባር ተነሥቶ ይገኛል። ተማሪው የመማሪያ መሣሪያውን ከየት ያገኛል? በማን ገንዘብ? በየትኛውስ ቋንቋ? የልጁን የዳታ ፓኬጅ ከደመወዙ ቀንሶ የሚገዛ ወዛደርም ሆነ በየሠፈሩ የተደራጀ ነዋሪ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተዋልና ሊመክርበት ይገባል።

በመጀመሪያ አንድ ታሪካዊ ሐቅ መታወቅ አለበት። ድሩ የነጋዴ ፈጠራ አይደለም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ዕቅዱን ያቀረበው የአውሮፓ መንግሥታት በመዋጮ በሚያስተዳድሩት፣ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ነበር። ወጪውን የሸፈነው የነዚያ አገሮች ሠራተኛ ሕዝብ የከፈለው ግብር ነው ማለት ነው። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 የድሩን ፕሮግራም ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለሕዝብ ለቀቀው። ከዚያም በፊት ቢሆን ኢንተርኔት የቆመባቸው ቴክኒካዊ ሰነዶች ከ1969 ጀምሮ ማንም እንዲያነባቸው ሲሰራጩ ኖረዋል። ዛሬም የኤችቲኤምኤልን ደንብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንበብ ማንም ሰው ሳንቲም አይጠየቅም።

የጋራ የሆነው ሀብት ግን በግል ኪስ ውስጥ የሚገባበት መንገድ አልጠፋም። ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለውን ገጽ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2008 ጀምሮ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው እየመለሰ፣ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች ያለ አንዳች ደመወዝ የገነቡት የዕውቀት ጎተራ ነው። ይህ ገጽ በ2021 ፕሮሰስ ለተባለ ኩባንያ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2024 ደግሞ ባለቤቶቹ ይዘቱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚያመርተው ለኦፕን ኤአይ ለማቅረብ ተዋዋሉ። መልሱን የጻፉት ሰዎች ከሽያጩ ምን አገኙ? ስለ ትርፍ እሴት ምንነት ሲያስተምር ምሳሌ ያጣ ሰው ካለ ይህን ይውሰድ። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ መልሶቹ ገና ከጅምሩ የጸሐፊው ስም እየተጠቀሰ ማንም እንዲቀዳቸውና እንዲያባዛቸው በሚያስችል ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ፣ ገዢው ገጹን ገዛ እንጂ ዕውቀቱን ቆልፎ ሊያስቀር አልቻለም። የፈቃዱ ጉዳይ የሕግ ባለሙያዎች ወሬ ብቻ አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

«ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ፣ ሰነፍ ካልሆነ በቀር ማን ይቸገራል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይህ አነጋገር ከንዑስ ከበርቴው ሳሎን የመነጨ ነው። በጥሩ ጥራት የሚታይ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ትምህርት በመቶ የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ትምህርቱ ደግሞ በአንድ ሰዓት አያልቅም። የተሻለ የሚባለው ኮርስ በዶላር የሚከፈል ሲሆን፣ ለዚያ የሚሆን ካርድ በአብዛኛው የሠራተኛ ልጅ እጅ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪው ወደ ፍላሽና ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ሃንድአውት ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ለምሳሌ ከመረጃ ቋት ጋር ለመገናኘት ያገለግል የነበረው የቀድሞው የማይኤስኪውኤል ትእዛዝ በ2015 በወጣው ፒኤችፒ 7 ውስጥ ፈጽሞ ተሰርዟል። ይሁንና ይኸው ትእዛዝ ያለባቸው ኮፒዎች አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ተማሪው እንደተጻፈው ይጽፋል፣ አይሠራም፤ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትሻል፣ አሁንም አይሠራም። በመጨረሻም ጉድለቱን በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በራሱ ጭንቅላት ላይ ይፈርዳል። ስንት ወጣት «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» እያለ የትምህርት መስኩን የተወው በዚህ ዓይነት ይሆን?

መፍትሔው በእጃችን ያለ መሆኑ ነው የሚያስቆጨው። የድረ ገጽ ፕሮግራም ለመማር ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። ነገሩ እንግዳ ይመስላል እንጂ እውነት ነው። ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ተራ የጽሑፍ ማዘጋጃና አንድ ብራውዘር ካለ ያለ መስመር ይሠራሉ። የሰርቨሩን ክፍል ለመለማመድም ኤክስኤኤምፒፒ የተባለውን ነፃ ጥቅል አንድ ጊዜ በፍላሽ አምጥቶ መጫን ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የተማሪው ኮምፒዩተር ራሱ ሰርቨርም ጠያቂም ሆኖ፣ 127.0.0.1 በሚለው አድራሻ ከራሱ ጋር ይነጋገራል። ማመሳከሪያውም እንዲሁ ነው። በ2005 የተጀመረው የሞዚላ የድረ ገጽ ሰነድ ተማሪ ሊደገፍበት የሚገባው ዓይነተኛ ምንጭ ሲሆን፣ ምንጩ እየተጠቀሰ መቅዳትም ሆነ መተርጎም በፈቃዱ የተረጋገጠ ነው። እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ኪዊክስንና ዴቭዶክስን የመሳሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ራስበሪ ፓይ የምትባለው መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ ተሸክማ በዋይፋይ በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ስልኮች ታድላለች፤ ከማንም ዳታ አትቆርጥም።

በቋንቋ ረገድም ያለው ችግር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በቋንቋችን ድረ ገጽ ለመጻፍ የሚከለክል ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በእንግሊዝኛ መሰጠቱም ማብራሪያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ እንዳይጻፍ አያግድም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የማስተማሪያ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ኮምፒዩተር አልነበረውም። የዛሬው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለታናናሾቹ አንድ ምዕራፍ ተርጉሞና በአዲሱ ሥሪት አስተካክሎ እንዲያስረክብ ቢደረግ፣ ከማንም መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚለብስ የመመረቂያ ጽሑፍ ይልቅ ለኅብረተሰቡ ይጠቅማል።

በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ትምህርቱን ያለ ክፍያ ማቅረቡ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ሆኖም ምስክር ወረቀት መቁጠርና ችሎታ መገንባት አንድ አይደሉም። ወደ ትምህርቱ የሚገባውም መስመር ያለው ሰው ነው። ቅራኔው ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ የሠፈር ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ሚና ከዚህ ይጀምራል።

ይኸውም ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። በመሥሪያ ቤት መጋዘን ውስጥ «ያረጁ» ተብለው የተከመሩ ኮምፒዩተሮች ካሉ፣ ነፃ የሆነው ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለዚህ ልምምድ ከበቂ በላይ ናቸው፤ የሠራተኛው ማኅበር በጽሑፍ ይጠይቅ። የእድሩ አዳራሽ ከስብሰባ በቀር የሚከፈትበት ቀን ጥቂት ነው። ለክረምት ዕረፍት ወደ ወላጆቹ የሚመለስ የኮምፒዩተር ተማሪ በየሠፈሩ አይጠፋም፤ አንዱ ሰነዱን ያምጣ፣ ሌላው ያስተምር፣ ሌላው ያረጀውን ሃንድአውት ከአዲሱ ጋር እያስተያየ ያርም። የመብራቱን ክፍያ ማኅበሩ ይቻል። በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ላይም ይህ ጉዳይ «ልዩ ልዩ» በሚለው ርእስ ሥር ሳይሆን ራሱን ችሎ በአጀንዳ ይያዝ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የአዳራሹን ቁልፍ ማን እንደሚይዝም በዚያው ይወሰን።