ጥጥ ስለ ምን ይበጠሳል?

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሄጄ ሳለሁ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣ፣ «ይኸ ጥጥ አይረባም፤ ሳብ ሳደርገው ብጥስ ይላል» ስትል አማረረች። እኔም የተማርሁ ሰው ነኝና «እማዬ፣ ጥጥ ሁሉ አንድ ነው፤ እጅሽ ደክሞ ይሆናል» አልኋት። ባዘቶውን ገፋ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስመረምረው ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ስለ ተገኘሁ፣ ዛሬ ይኸንኑ ላጫውታችሁ አሰብሁ።

አንዲት የጥጥ ጭረት ከዘሩ ቆዳ ላይ የበቀለች አንዲት ሕዋስ ብቻ ናት። አበባው ከፈካ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ትረዝማለች፤ ቀጥሎም ውስጧ በሴሉሎስ እየተደረበ ትወፍራለች። የምትረዝመውም ውሃ እንደ ፊኛ ከውስጥ ሲወጥራት ነው። ይኸንን ውሃ ስበው ከሚያስገቡት ነገሮች ዋነኛው ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ሲያንስ ውጥረቱ ይላላል፤ ጭረቷም አጭር ሆና ትቀራለች። ቅጠሉ ደግሞ የሠራውን ስኳር ወደ ፍሬው አጥግቦ ስለማያደርስ ግድግዳዋ ስስ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጥጥ ሲፈተል ይቋጠራል፤ ቀለምም በደንብ አይዝም።

ተክሉ ከሚወስደው ፖታሲየም ብዙው የሚገባው ወደ ፍሬው ነው፤ ከፍሬውም ይልቁን ወደ ቅርፊቱ። ስለዚህ መሬቱ ደካማ ከሆነ ችግሩ የሚብሰው ገበሬው ደስ ብሎት ፍሬ በሚቈጥርበት ሰዓት ነው።

ይኸ ነገር በደንብ የታወቀው በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት ነው። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) እዚያ ገበሬዎች የጥጡ ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ነሐስ መስሎ፣ ኋላም ተቃጥሎ ሲረግፍ እያዩ «የጥጥ ዋግ» ይሉት ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኦበርን ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ አትኪንሰን ነገሩን መርምሮ፣ የበሽታው ሥር የፖታሲየም እጦት መሆኑን አሳየ፤ በቅጠሉ ላይ የሚታዩት ሻጋታዎች የደከመ ተክል አግኝተው የመጡ ናቸው። ካይኒት የተባለው የፖታሽ ጨው ሲጨመር ዋጉ ተወ። በዚያው በኦበርን በ1911 በተጀመረው የኩላርስ እርሻ ሌላው ሁሉ ተሰጥቶት ፖታሲየም ብቻ የተነፈገ መደብ አለ፤ የጥንቱን ዋግ ማየት የሚሻ ሰው እዚያ ያገኘዋል።

ያን ጊዜ ፖታሹ የሚመጣው ከጀርመን ነበር። በ1914 ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ዋጋውም በአሜሪካ ከአሥር እጥፍ በላይ ወጣ። ጥጥ ዘሪዎቹ ምን እንዳሉ መገመት ይቻላል!

ፖታሽ መድኃኒት ነው ብሎ በየማሳው መበተን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። መሬቱ የሚበቃው ካለው ተጨማሪው ምርት አይጨምርም። በእኛም አገር ይኸ ክርክር አለ። በ1968 የታተመ የመርፊ የአፈር ጥናት የኢትዮጵያ መሬት በፖታሲየም የበለጸገ መሆኑን ስለ ገለጸ፣ ለብዙ ዘመን ለገበሬው የሚቀርበው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበር። ከ2012 ወዲህ አፈሩ በየወረዳው ሲመረመር ግን ፖታሲየም ያነሰባቸው ቦታዎች ተገኝተዋል። አንድ ጊዜ የተባለን ነገር ለዘላለም መያዝ የመሥሪያ ቤት ልማድ ሳይሆን አይቀርም፤ የአስተማሪም ጭምር። የሚገርመው ደግሞ የአዋሽ ጥጥ በሚለማበት በአፋር ምድር፣ ዳሎል ላይ፣ ፖታሽ ተኝቶ መኖሩ ነው።

እናቴ የገዛችው ጥጥ ፖታሲየም ያጣ ነበር ብዬ አልፈርድም። ውሃ የጠማው፣ ሳይበስል የተለቀመ፣ ዘሩም መጥፎ የሆነ ጥጥ እንዲሁ ይበጠሳል። ቢሆንም «እጅሽ አልደከመም፤ ጥፋቱ የጥጡ ነው» ብዬ ከነምክንያቱ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁላት። መልሱን ታናሽ እኅቴ ጻፈችልኝ፤ «ይኸንንማ ያን ዕለት ነግሬሃለሁ፤ ይልቅ ደኅና ጥጥ ፈልገህ ላክልኝ ብላለች» ይላል።