ባልዲዬን ወዴት አደረስክብኝ?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ፎቶ ነው። “ደግሞ ፎቶ ምን ወሬ አለው?” እንዳትሉኝ። ይህ ፎቶ ከአክስቴ ጋር ሊያኳርፈኝ ምንም አልቀረው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ለፍልሰታ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ለማታውቋት፣ ደብረ ማርቆስ (የድሮዋ መንቆረር) ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የአባይን በረሃ ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደጀንን አልፋችሁ የምታገኟት ደጋ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። ነሐሴ ላይ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ደግሞ በጋቢ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው።

ያን ቀን መብራት ጠፍቷል። አክስቴ ቅዳሴ ሄዳለች። እኔ ብቻዬን ተቀምጬ መስኮቱን አያለሁ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ እየተንኳለለ ይወርዳል። ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጀበና፣ ሁለት ሲኒ (አንዷ ከንፈሯ ተሸርፏል)፣ ሦስት ድንች፣ የታጠፈ ነጭ ጋቢና ኩራዝ አሉ። ወለሉ ላይ ደግሞ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ። ጣሪያው ያፈሳላ! ጠብ… ጠብ… ጠብ…

ፈረንጆቹ ሰው የሌለበትን፣ ዕቃ ብቻ ተደርድሮ የሚሳለውን ወይም የሚነሳውን “ስቲል ላይፍ” ይሉታል። ፎቶግራፍ ገና ጨቅላ ሳለ ሙያውን የተማረው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ከጀሶ የተሠሩ ቅርጻ ቅርጾች የተደረደሩበት የክፍል ጥግ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፎቶ ለማንሳት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ሰው ያን ያህል ሳይነቃነቅ የት ይቆማል? ጀሶ ግን ይቆማል። የአክስቴ ጀበናም እንዲሁ።

ስልኬን አወጣሁ። እዚህ ላይ ያደረግሁት ትክክል ስለነበር እናንተም ሞክሩት። ስልክ መስኮት ፊት ለፊት ሲያገኝ ግራ ይጋባል። ለመስኮቱ ብርሃን ሲያስተካክል ቤቱ ይጨልማል፤ ለቤቱ ሲያስተካክል መስኮቱ ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ጣታችሁን መስኮቱ ላይ አሳርፋችሁ አንሱት። የጨለመውን በኋላ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል፤ ተቃጥሎ ነጭ የሆነውን ግን ማንም አይመልሰውም። ጀበናውንም ድርቅ አድርጌ መሃል ላይ አልገተርኩትም። ወደ ግራ ገፋ አድርጌ ቀኙን ለዝናቡና ለባዶው ጠረጴዛ ተውኩለት። ብርድ እንዲታይ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል።

ጥፋቴ የጀመረው ማታ መብራት ሲመጣ ነው። ስናፕሲድ የሚሉትን የፎቶ ማሳመሪያ ከፈትኩ። በመጀመሪያ ባልዲውን በጣቴ ዳሰስ ዳሰስ… ጠፋ! ቀጥሎ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ገፋሁት። ከዚያ ጥቁር መደብ ላይ የተነሳ የሚወርድ በረዶ ፎቶ ፈልጌ በላዩ ደረብኩ። ማደራረቢያው ጥቁሩን ውጦ ነጩን ብቻ ስለሚያስቀር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የአክስቴ መስኮት ላይ በረዶ ይዘንብ ጀመር። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ኡኡ! ላይኩ ጎረፈ። ካናዳ ያለ አንድ ጓደኛዬማ “አንተ፣ ሳትነግረኝ መጣህ እንዴ?” አለኝ። እኔም ኩራቴ ለጉድ ነበር።

መቼም የኛ ነገር ይገርማል። “ዊንተር”ን “ክረምት” ብለን እንተረጉማለን፤ የፈረንጁ ክረምት ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የኛ በጋ ላይ ነው የሚውለው። በእነሱ ክረምት ዛፉ ሁሉ ይራቆታል። በኛ ክረምት ደግሞ ጎጃም እንደዚያ የሚለመልምበት ሌላ ጊዜ የለም። ጮቄ ተራራ ግድም በረዶ ሲጥል መሬቱ ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ግን እሱ ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ እንጂ እንደ ጥጥ ብን እያለ የሚወርደው አይደለም። እኔ ያንን ሁሉ አረንጓዴና ግራጫ አጥቤ የሰው አገር ክረምት አለበስኩት።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ፊቷን አጥቁራ ጠራችኝ።

“አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው ያነሳኸው ቤቴን?”

“ምነው እትዬ?”

ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጇ ለጣሪያው ቆርቆሮ ብር ሊልክላት ቃል ገብቶ ነበር። ፎቶዬን ፌስቡክ ላይ አይቶ ደወለላት። “እማዬ፣ ቤቱ እኮ አምሮበታል! ደህና ነው አይደል? ቆርቆሮው ለከርሞ ይድረስ” አላት። እሷም እንደ እናት “እሺ ልጄ፣ አትቸገር” ብላ ዘጋችው።

ስልኬን ሰጠኋት። ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግድግዳው ላይ የቆየ ፖስተር አለ፤ ያ ብዙዎቻችን ቤት የነበረው፣ በበረዶ የተሸፈነ የፈረንጅ ቤትና የጥድ ዛፍ ያለበት።

“ይሄማ እሱ ነው” አለችኝ በጣቷ እያሳየች። “ባልዲዬንስ ወዴት አደረስክብኝ?”

ምን ልበል? አፈርኩ።

ይህን ስላችሁ ፎቶ አይነካካ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ፎቶ መነካካት ከፎቶሾፕ በፊትም ነበረ። ፎቶሾፕ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ሬይላንደር የተባለ ሰው ግን በ1857 ከ30 በላይ የፎቶ ቅጂዎችን ገጣጥሞ እንደ ትልቅ ሥዕል ያለ አንድ ፎቶ ሠርቶ ነበር። የኛዋ አይዳ ሙሉነህም (አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው) የሰዎቹን ፊት ቀለም ቀብታ፣ ቀይና ሰማያዊ አልብሳ የምታነሳቸው ፎቶዎች የታሰበባቸው ድርሰቶች ናቸው፤ ማንም “ዋሸች” አይላትም፣ ምክንያቱም ድርሰት መሆኑን ገና ሲያዩት ያውቁታል። በአንጻሩ ስቲቭ መከሪ የተባለው ዝነኛ ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፎቶዎቹ ላይ ሰውና ዕቃ መጥፋቱ ሲታወቅ ትልቅ ጫጫታ ተነሳበት። ሰው ሥራዎቹን እንዳለ የተነሱ ናቸው ብሎ ነበራ የሚያያቸው። የኔም ጥፋት ከሁለተኛው ወገን ነው። የአክስቴ ልጅ ያየው ድርሰት ሳይሆን የእናቱን ቤት ነው።

በማግስቱ እንደገና ተነሳን፤ እኔም ጀበናውም ማለቴ ነው። አሁን ስልኩን መጻሕፍት ደራርቤ ላያቸው ላይ አስደገፍኩት፣ ንቅንቅ እንዳይል። አንዱን ፎቶ ኩራዙ ሳይበራ ለመስኮቱ ብርሃን አስተካክዬ አነሳሁ። ሁለተኛውን ኩራዙን ለኩሼ። ማታ በላፕቶፕ ሁለቱን ደራረብኳቸው፤ መስኮቱን ከመጀመሪያው፣ ኩራዙንና የጀበናውን ሆድ ከሁለተኛው ወሰድኩ። ይህም መገጣጠም ነው፤ ግን ሁለቱም እዚያው ቤት ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። የደመና ቀን ብርሃን 6,500 ኬልቪንና ከዚያም በላይ ይለካል፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። የኩራዝ ደግሞ 2,000 አካባቢ ነው፣ ብርቱካን ይመስላል። ስልኩ በራሱ ጊዜ ሁለቱን ለማቻቻል ሲሞክር ሁሉን ነገር ያደበዝዘዋል። አትፍቀዱለት። መስኮቱ እንደ ሰማያዊነቱ፣ ኩራዙ እንደ ብርቱካንነቱ ይቆይ። ሙሉ ፎቶውን ሰማያዊ ብታደርጉት ፍሪጅ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። ብርዱ የሚሰማችሁ ያቺ ትንሽ እሳት አጠገቡ ስትኖር ነው።

ባልዲውስ? ባልዲው እንዳለ ነው። እንዲያውም ቀይ ስለሆነ ዓይን መጀመሪያ ጀበናው ላይ ያርፍና ቀጥሎ ወደሱ ይወርዳል። መጀመሪያም ለምን እንዳጠፋሁት ራሴንም ይገርመኛል፤ ፎቶውን የሚያቆመው እሱ ነበር። አንዲት ጠብታ ባልዲው ውስጥ ስትገባ በአሥራ ሁለተኛው ሙከራ ያዝኳት።

(ይህን ፎቶ ለልጇ ልከንለት በዚያው ሌሊት ደወለ። ብዙም አላወራም። ቆርቆሮው በጥቅምት ተመታ።)

ከመላኬ በፊት ግን ለአክስቴ አሳይቻት ነበር። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ አድርጋ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

“አዎ፣ አሁን ቤቴ ነው” አለች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ግን… ይቺን ሲኒ አላየሃትም?”

“የቷን?”

“የተሸረፈችዋን ነዋ! ባልዲውስ ይታይ፤ ዝናቡ የእግዜር ነው። በተሸረፈ ሲኒ ቡና ታቀርባለች ብለው አገር ምድሩ ይሙኝ?”

“እትዬ፣ ባለፈው እኮ ባልዲውን አጠፋህ ብለሽ…”

“እሱ ሌላ ነው። አድርግ የተባልከውን አድርግ።”

ከደህናዋ ሲኒ ከንፈር ቆረስ አድርጌ ለተሸረፈችዋ ለጠፍኩላት። እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም፤ ይኸው አሁን እናንተ አወቃችሁ። ቸር ሰንብቱ!