ሰርተፍኬቱን ተዉትና የፍየሉን ዘካ አስሉልን

በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የቀረበ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን የአዋሽና የሰመራ ወንድሞችና እህቶች፣ ቪዲዮውን እየዘለሉ፣ የፈተናውን መልስ ከጓደኛ እየተቀበሉ ሰርተፍኬት መለጠፍ ምን የሚሉት መማር ነው? ማጭበርበር ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ሐላል አይሆንም።

«አልጎሪዝም የሚለው ቃል የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው» እያልን መፎከሩም ይብቃን። ፉከራ ኮድ አይጽፍም።

አሊፍ ባ ሳይለይ ተፍሲር የሚቀመጥ ደረሳ አላየንም። ቫሪያብል ምን እንደሚይዝ፣ ኢፍ መቼ እንደሚፈርድ፣ ሉፕ የት እንደሚቆም ሳያውቁ «አፕ እንሠራለን» ማለትም ያው ነው።

ላፕቶፕ የለንም አትበሉን፤ በደብተር ጀምሩ። የፍየል ዘካ ከ40 በታች የለም፤ ከ40 እስከ 120 አንድ፣ ከ121 እስከ 200 ሁለት፣ ከ201 እስከ 399 ሦስት፣ ከ400 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሙሉ መቶ አንድ ፍየል ነው። ይህን ከማንም ሳትገለብጡ በኮድ ጻፉት። ከዚያ 39ን፣ 40ን፣ 120ንና 121ን እያስገባችሁ ፈትኑት፤ ስህተት የሚደበቀው ድንበሩ ላይ ነው። ለ121 «አንድ» ብሎ ከመለሰ፣ ፕሮግራማችሁ የሚስኪኑን አንድ ፍየል በልቷል።