«ዝም በል» መልስ አይደለም

ባለፈው እሑድ ከጎግ የመጣውን የመኝታ ቤት ጓደኛዬን ይዤ አዲስ አበባ ወደምትኖረው አክስቴ ለምሳ ሄድኩ። የአምስት ዓመት ልጅዋ አተኩሮ ተመለከተውና «አንተ ለምን እንዲህ ጠቆርህ?» ሲል ጠየቀው። አክስቴ ደንግጣ «ዝም በል!» ብትለው ልጁ አፈረ፤ ጥቁረት የሚታፈርበት ነገር ነው ብሎም ያን ጊዜ ተማረ። ጓደኛዬ ግን ሳቅ ብሎ «እኔ እናቴን መስዬ ነው፤ አንተስ እናትህን አልመሰልህም?» ቢለው፣ ልጁ ሄዶ ጭኑ ላይ ተቀመጠ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የአሜሪካንን ዘረኝነት ማውገዝ አያቅተንም። በሀገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ሆኖም አኙዋውንና ኑዌሩን «ባሪያ» ብሎ መጥራት ከየቤቱ ፈጽሞ አልወጣም። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለ ጥላቻ በአንድ ቀን አይበቅልም፤ ዘሩ የሚዘራው ከምድጃ ዳር ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ መምህራንና ወላጆች ይሆናሉና ይህን እንያዝ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ልጅ ሲጠይቅ እንመልስለት። ሲሳደብ ግን ያ ቃል ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የተረፈ መሆኑን እናስረዳው። ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን ከእኛ አፍ አይስማ።