«ብቻ» የምትለዋ ቃል

«ትራፒዝየም አንድ ጥንድ ትይዩ ጎኖች ብቻ ያሉት ጎነ አራት ነው።» ይህን ከሰሌዳ ላይ ያልገለበጠ ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ገልብጬ ለፈተና በቃሌ ይዤዋለሁ። «ካሬ ሬክታንግል ነው» በሚለው ጥያቄ ላይ «እውነት» ብዬ ኤክስ የተደረገብኝም በዚያው ዘመን ነው። የሁለቱ ነገር ሥሩ አንድ ነው። አንዱ ስም ለቅርጹ ከተሰጠ ሌላው ይነጠቃል የሚል እምነት ሥር ሰዷል። ትርጓሜው «ቢያንስ አንድ ጥንድ» መሆን ነበረበት።

በ«ብቻ» ትርጓሜ ምን እንደሚበላሽ ለማየት ከቁጥር የተሻለ ምስክር የለም። ታችኛው ጎኑ 6 ሜትር፣ ላይኛው 4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ትራፒዝየም እንሣል። ሁለቱን ትይዩ ጎኖች ደምረን ለሁለት አካፍለን በከፍታው ስናባዛ ስፋቱ 15 ካሬ ሜትር ይመጣል። አሁን ታችኛውን ጎንና ከፍታውን ሳንነካ ላይኛውን ቀስ እያልን እናስረዝመው። 5 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 16.5፣ 5.9 ሲሆን 17.85 ነው። 6 ላይ 18 ይሆናል። እዚህ ሁለቱ ትይዩ ጎኖች እኩል ስለሆኑ ቅርጹ ፓራሌሎግራም ሆኗል፤ በፓራሌሎግራም ቀመር፣ 6 በ3 ብናባዛም ያው 18 ነው። አልፈን 6.1 ብናደርሰው 18.15። ቀመሩ አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። የተደናቀፈው ስሙ ነው። በ«ብቻ» ሕግ ቅርጹ 5.9 ላይ ትራፒዝየም ነበር፤ 6 ላይ ተሻረ፤ 6.1 ላይ ተመልሶ ተሾመ። እንዲህ ያለ ሹም ሽር በቤተ መንግሥትም አልታየ!

ጉዳዩ የሰሌዳ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ በካልኩለስ ከኩርባ በታች ያለውን ስፋት ለመገመት ቦታውን በቀጫጭን ትራፒዝየሞች እንሸነሽናለን። ኩርባው በአንዱ ሽንሽን ግራና ቀኝ እኩል ቁመት ካለው ያ ሽንሽን ሬክታንግል ይሆናል። እዚያ ሲደርስ «ይህ ትራፒዝየም አይደለም» ብሎ ስሌቱን የሚያቆም ማን ነው? «ብቻ»ን ያስተማሩን መምህርም አያቆሙም። በእጃቸው ሲያሰሉ ትክክለኛውን ትርጓሜ ይከተላሉ፤ በአፋቸው የተሳሳተውን ያስተምራሉ።

ስሙም ቢሆን ለ«ብቻ» አይመሰክርም። ትራፔዚዮን በግሪክ «ትንሽ ጠረጴዛ» ማለት ነው፤ ጠረጴዛ የምንለው ቃላችንም ከዚያው ከግሪክ የመጣ ነውና ትራፒዝየም የሩቅ ዘመድ እንጂ ባዳ አይደለም። አራቱም ማዕዘኑ ቀጥ ስላለ ጠረጴዛነቱን ያጣ ጠረጴዛ ግን እስካሁን አላየሁም።

የ«ብቻ» ወገኖች ሲጨንቃቸው የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ዘንድ ይሸሸጋሉ። እውነት ነው፣ ዩክሊድ በኤለመንትስ አንደኛ መጽሐፍ፣ በ22ኛው ትርጓሜ፣ ካሬን ከሬክታንግል ለይቶ አስቀምጧል። የለያቸው ግን በጎንና በማዕዘን እኩልነት እንጂ በትይዩነት አይደለም፤ እንዴት ይለይ? ትይዩ ምን እንደሆነ የሚተረጉመው ገና በ23ኛው ነው። ለእርሱ ትራፒዝየም ማለት ከተዘረዘሩት የተረፈ ጎነ አራት ሁሉ ነው፤ አንድም ትይዩ ጎን የሌለው ጭምር። በትይዩ ጎኖች መመደቡን በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ከፕሮክለስ ማብራሪያ እናገኘዋለን። ከዚያም በኋላ ስሙ አልረጋም። ቻርልስ ሀተን በ1795 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሒሳብ መዝገበ ቃላት ትራፒዝየምንና ትራፒዞይድን አገላበጣቸው፤ አሜሪካውያን ያንኑ ይዘው ቀሩ። ዛሬ አሜሪካ የሚማር ልጅ ትራፒዞይድ የሚለውን፣ እዚህ የተማረው አባቱ ትራፒዝየም ይለዋል።

«እኩል ጎን ያለው ትራፒዝየም የሚባለውስ? ፓራሌሎግራም ሁሉ ሊገባበት ነው» የሚል ሙግትም አለ። በአንዱ ትይዩ ጎን ላይ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች እኩል ይሁኑ ብለን ብንተረጉመው ዘመም ያለው ፓራሌሎግራም ውጭ ይቀራል፤ ሬክታንግል ይገባል፤ ሙግቱም አለቀ። «ልጆች ይደናገራሉ» ለሚሉትም መልሱ ሩቅ አይደለም። ጤፍ እህል ነው ስንላቸው የተደናገረ ልጅ አለ?

ይልቅ የሚያደናግረው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ነው። የትራፒዝየም ሁለቱን ሌሎች ጎኖች መሐል ለመሐል የሚያገናኘው መስመር ርዝመቱ የትይዩዎቹ ድምር ግማሽ ነው። በ«ብቻ» ሕግ ይህን ለትራፒዝየም ያረጋገጠ ልጅ ለፓራሌሎግራም እንደገና ሀ ብሎ መጀመር አለበት። በእኔ እምነት ልጆቻችንን ከሒሳብ ያሸሻቸው ማባዛትና ማካፈል አይደለም፤ ይኸው አጥር ነው። ያ ኤክስ የተደረገበት ወረቀት አሁንም ቢኖረኝ ማርኬን ለማስመለስ እሄድ ነበር።