ከቀለሙ በታች ያለው ጭረት

አንድ አውሮፕላን አዲስ ቀለም ለብሶ ከሃንጋር ሲወጣ ፎቶ አንሺ አያጣም። ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ስላለፉት ቀናት የሚጠይቅ ግን የለም። የቀለም ሥራ ዋነኛው አደጋ ያለው አዲሱን በመቀባቱ ሳይሆን አሮጌውን በማንሣቱ ላይ ነው። ይህን አደጋ የሚያስቀረው ደግሞ የመሣሪያው ጥራት ብቻ አይደለም፤ የውሉ አጻጻፍና ሠራተኛው ስሕተቱን ሳይፈራ የመናገር ነፃነቱ የበለጠ ይወስናሉ።

ነገሩ ከብረቱ ጠባይ ይጀምራል። በቀደሙት የቦይንግ 737 አውሮፕላኖች አካል ላይ ያለው የአሉሚኒየም ቆዳ በብዙ ቦታ ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ጠንካራው ቅይጥ እንዳይዝግ በሁለቱም ገጽ ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ሽፋን ይለብሳል፤ የእያንዳንዱ ገጽ ሽፋን ከጠቅላላው ውፍረት በመቶ 5 ገደማ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ አንድ ቦታ ላይ የቆየ እጅ ይህን መከላከያ በደቂቃዎች ሊጨርሰው ይችላል። በሽቦ ብሩሽ የተፈተገ ከሆነም የብረት ብናኝ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተቀብሮ ዝገትን ይጠራል።

ከዚህ የሚከፋው በስለት የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሁለት ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት መገጣጠሚያ ጠርዝ ላይ ማሸጊያ ሙጫ አለ፤ ቀለሙ ሲነሣ እርሱም ይነሣል። የቸኮለ ሠራተኛ በፕላስቲክ መፋቂያ ፈንታ ስለት ያነሣና ጠርዙን ተከትሎ ይስባል። የሚቀረው መስመር ከጠጉር ውፍረት ያልበለጠ ጥልቀት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን አውሮፕላኑ በበረረ ቁጥር አካሉ በአየር ግፊት ይወጠራል፣ ሲያርፍም ይላላል፤ ውጥረቱ በዚያች መስመር ላይ እየተጠራቀመ ጭረቱን ወደ ስንጥቅ ይለውጠዋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 በቀደሙት የ737 ሞዴሎች ላይ እንዲህ ያሉ ጭረቶች እንዲፈለጉ አስገዳጅ ትእዛዝ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭረት ምን ያህል ታጋሽ እንደ ሆነ ከቀለም ሥራ ውጭ የደረሰ አንድ አደጋ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 አንድ የቻይና አየር መንገድ ቦይንግ 747 ሆንግ ኮንግ ሲያርፍ ጅራቱ ከመሬት ጋር ተፋተገ። የተቧጨረው ቆርቆሮ እንደ መመሪያው ሳይወገድ ተጨማሪ ቆርቆሮ ተደረበበት። በግንቦት 2002 ያው አውሮፕላን ከታይፔ ተነሥቶ ሲበር በአየር ላይ ተበታተነ፤ 225 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች ከእነዚያ ጭረቶች የተነሡ የድካም ስንጥቆችን አገኙ። በጥፋቱና በውጤቱ መካከል 22 ዓመታት አልፈዋል።

የፖሊሲው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ርቀት ነው። ዛሬ የጫረው ሠራተኛ ስንጥቁ ሲታይ በሥራው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ድርጅቱም ክፍያውን ከተቀበለ ቆይቷል። በአንጻሩ የመቸኮል ጥቅም ወዲያው ይገኛል፤ ሃንጋር የተኛ አውሮፕላን ገቢ አያስገባምና። ጭረቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፕራይመር የሚባለው መሠረት ቀለም ካረፈበት በኋላ ግን የማንም ዐይን አያገኘውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

አንዳንዶች መፍትሔው ጥብቅ ቅጣት ነው ይላሉ። ቸልተኝነትና ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት በእርግጥ መቀጣት አለበት። ነገር ግን ስሕተቱን ራሱ ያሳወቀን ሰው መቅጣት ለቀሪዎቹ የሚያስተምረው ዝምታን ነው። በአሜሪካ ናሳ ከ1976 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓትም ሆነ የአውሮፓ ኅብረት የ2014 ደንብ ቁጥር 376 ለሪፖርት አቅራቢዎች ጥበቃ የሚሰጡት ይህን ተረድተው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ የቀለም ውል ሦስት ነገሮችን በግልጽ ሊይዝ ይገባዋል። አንደኛ፣ በአምራቹ መመሪያ ያልተፈቀደ የብረት ስለት ወደ አውሮፕላኑ አካል እንዳይቀርብ። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ከተነሣ በኋላና ፕራይመር ከመቀባቱ በፊት ሥራው እንዲቆም፤ ከቀለም ቡድኑ ውጭ የሆነ መርማሪ በራቁት ብረት ላይ ፍተሻ እንዲያደርግ፤ ለዚህም የራሱ ቀንና የራሱ ክፍያ እንዲመደብ። ሦስተኛ፣ ጭረት ተገኝቶ የርክክቡ ቀን ቢራዘም የመዘግየት ቅጣት እንዳይታሰብ። ከሦስቱ ወሳኙ የመጨረሻው ነው፤ እውነት መናገር ድርጅቱን ገንዘብ የሚያስከፍለው ከሆነ እውነቱ ከቀለሙ በታች ይቀራልና።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቦሌ የራሱ የቀለም ሃንጋር አለው፤ ከካርቦን ውሁድ ከተሠሩት 787 እና ኤ350 ጎን ለጎንም የአሉሚኒየም አካል ያላቸውን 737ና 777 ያበራል። ጥገና ለአህጉሩ የሚሸጥ አገልግሎት እየሆነ በሄደ መጠን የዋጋና የፍጥነት ፉክክሩ ይበረታል። በዚያ ፉክክር ውስጥ በራቁት ብረት ላይ የምትውለው አንዲት የፍተሻ ቀን የባከነች ጊዜ ተደርጋ መቆጠር የለባትም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የሚቻለው በእርሷ ነው።