ፊልም የሚያልቀው መቼ ነው?

ተማሪዎች ሆይ፣ ፊልም በምታዩበት ጊዜ አንድ ነገር ልብ በሉ። ታሪኩ ተፈጽሞ የሠራተኞቹ ስም በመጋረጃው ላይ መውጣት ሲጀምር ብዙው ተመልካች ከመቀመጫው ይነሣል። እኔ ግን ፊልሙ ገና አላለቀም ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ፣ ስም ማንበብ ውለታን ማወቅ ነው። በአዲስ አበባ የነፋስ ስልክ ሰፈር ስም ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ ያስታውሳል፤ ጣቢያውን ያቆሙትን ሠራተኞች ስም ግን አይነግረንም። በፊልምም እንዲሁ ነው። በ1957 ዓ.ም. የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው» የአገራችን የመጀመሪያ ረጅም የታሪክ ፊልም ተደርጎ ይቆጠራል። የተዋናዮቹን ፊት ለማየት የቻልነው ካሜራ የያዘ፣ መብራት ያበራ ሰው ስለ ነበረ ነው። የእነዚህ ሰዎች ፊት አይታይም፤ የሚታየው ስማቸው ብቻ ነው፤ እርሱም ለጥቂት ጊዜ።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ፊልሞች ከስሞቹ ጋር በቀረጻ ጊዜ የተበላሹትን ትርኢቶች ያሳያሉ። የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ጃኪ ቻን ይህን ልማድ የወሰደው በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣውና ራሱም ከተሳተፈበት «ዘ ካነንቦል ረን» ከተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣው «አርመር ኦፍ ጎድ» መጨረሻ ላይ፣ በዩጎዝላቪያ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ የተሰበረበት አደጋ ይታያል። ቀላል መስሎ የታየን ዝላይ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የምንረዳው ያን ጊዜ ነው። ዝላዩን በሰፈሩ ግንብ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ወጣት ካለ፣ አስቀድሞ ይህን መጨረሻ ይመልከት።

«የተበላሸውን ማሳየት የፊልሙን ክብር ይቀንሳል» የሚሉ አሉ። አባባላቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ከአሳዛኝ ታሪክ በኋላ ሳቅ ቢከተል ሐዘኑን ያፈርሰዋል። ስሕተትም ለማሣቂያ ሊፈበረክ ይችላል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኤ በግስ ላይፍ» የተሰኘ የካርቱን ፊልም በመጨረሻው ጉንዳኖች ሲሳሳቱ ያሳያል፤ በኮምፒዩተር የተሣለ ጉንዳን ግን ሠሪው ካላሳሳተው አይሳሳትም። ይሁን እንጂ እውነተኛው ስሕተት የሥራውን ድካም ስለሚገልጥ ጥቅሙ ያመዝናል።

ይህ ጉዳይ ለድርሰት ተማሪ ቅርብ ነው። ታትሞ የምታነቡት ጽሑፍ ስርዝ ድልዙ ተወግዶለት የቀረበ ነው። የመጀመሪያ ረቂቃችሁን ከእርሱ ጋር አስተያይታችሁ «እኔ መጻፍ አልችልም» በማለት ብዕራችሁን አታስቀምጡ። ረቂቅ የሚወዳደረው ከረቂቅ ጋር ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ስም እስኪያልፍ ድረስ ተቀመጡ፤ ረቂቃችሁንም አትቅደዱ።